ለሁዳዴ ያስዘጋሁት አኒሜ

በመዝገብ የተጻፍኩት የአማርኛ መምህር ተብዬ ነው፤ መካነ ሰላም ውስጥ ያስተማርኳቸው ልጆች ግን የሚያስታውሱኝ ረቡዕ ከሰዓት በማካሂደው ክርክር ነው። ከከተማና ከገጠር ኑሮ የቱ ይሻላል? ከሀብትና ከእውቀትስ? ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ በግራ ጥቅም፣ በቀኝ ጉዳት። አመሉ ከክፍል አልፎ ቤቴ ገባ። ጫማ ለመግዛት ሦስት ሳምንት የማወጣ የማወርድ ሰው ነኝ። ጓደኞቼ እስካሁን ያላገባሁትም በዚሁ እንደሆነ ይነግሩኛል፤ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

እህቴ ከዓረብ አገር አንዲት ጥያቄ ስትጠይቀኝም ያወጣሁት ይህንኑ ሰሌዳ ነው። ጥያቄዋ አጭር ነበረች።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሄን አኒሜ የምናይበትን የወር ክፍያ ልቀጥለው ወይስ ልተወው?»

እህቴ የቤት ሠራተኛ ሆና ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። ማዳሟ ክፉ ሴት አይደለችም፤ በስልክ ጉዳይ ግን ድርቅ ያለች ናት። ስልኩን ራሷ ይዛ ዓርብ ዓርብ ብቻ ትሰጣታለች። በቀሩት ቀናት እህቴ እጅ ላይ የነበረው የቤቱ ልጅ የጣለችላት አሮጌ ታብሌት ነው፤ መደወያም መጻጻፊያም የለው፣ ፊልም ማያ ብቻ። አኒሜ የሚባለውን የጃፓን ካርቱን የለመደችው ከዚያች ልጅ ጋር ቁጭ ብላ ነው። ልጅቷ ሰለቻት፣ እህቴን ግን ጭራሽ ባሰባት። በመጨረሻ በማዳሟ ካርድ፣ ከደሞዟ እየተቆረጠ፣ የራሷን ምዝገባ አስከፈተች፤ የይለፍ ቃሉንም ለእኔ ሰጠችኝ።

ስከፍተው ለየተመልካቹ መለያ የሆነ ሁለት ሥዕል ጠበቀኝ። ነጭ ጥንቸሏ የእሷ ናት። ለእኔ የመረጠችልኝ መነጽር ያደረገ ጉጉት ነው። «አስተማሪ ስለሆንክ ነው» አለችኝ። እንዴት ለገዛ ወንድምሽ ጉጉት ትመርጫለሽ ብዬ ተቆጣኋት፤ በዚያች ዓርብ የተሰጣትን ጊዜ ግማሹን ስትስቅ ጨረሰችው። ጉጉቱን እስከ ዛሬ አልቀየርኩትም።

የምናየው አንድ ረጅም ታሪክ ነበር። አንዲት ልጅ ከተራራ ተራራ እየዞረች የተሰነጠቁ ደወሎች ትጠግናለች። አስተማሪዋ ከመሞቱ በፊት የሠራው አንድ ደወል አለ፤ የት እንደተሰቀለ የሚያውቅ የለም፤ እሱን ትፈልጋለች። እናታችን ካረፈች ወዲህ አብሬው የምኖረው አባቴ ቄስ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ከስልኬ የሚወጣውን የጃፓን ንግግር ሲሰማ፣ «ምንድን ነው ይሄ ጫጫታ?» ይል ነበር። ስለ ደወል ነው አባ፣ ስለው «የምን ደወል?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ መደቡ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ይጋደማል፤ ሥዕሉን ማየት አይወድም፣ እኔ ታሪኩን እነግረዋለሁ። አንዳንዴ ደወል ጠጋኟን ያርማታል። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በእሳት አይያዝም ይላል፤ ከየት እንደሚያውቀው እንጃ።

ነገሩ ሁሉ የተያዘው ግን በአንዲት ቀጭን መስመር ነው። በእያንዳንዱ ክፍል ሥር፣ ሰው እስከ የት እንዳየ የምታሳይ አረንጓዴ መስመር አለች። አንድ ቀን ጥንቸሏን ነክቼ ስመለከት፣ «ትናንት እስከዚህ ድረስ አይታለች» አልኩ፤ ለራሴ ነበር የተናገርኩት። አባቴ ከመደቡ ቀና አለ።

«እንዴት አወቅህ?»

አስረዳሁት። ሁለቴ አስደገመኝ። መጀመሪያ እንደሄደች ሰሞን ከአንድ ወር በላይ ድምፅዋ ጠፍቶብን ነበር፤ ያ ወር ከአባቴ ሆድ ወጥቶ አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ገና በትሩን ሳያስቀምጥ «ዛሬስ ሄደ?» ይላል። ሄዷል አባ፣ እለዋለሁ። «ተመስገን» ብሎ ይቀመጣል። ዓርብን መጠበቅ ቀረ። በየቀኑ ደህና መሆኗን የምናውቅ ሰዎች ሆንን።

እኔ ግን ሰሌዳዬን ሳወጣ ይህን በየትኛውም በኩል አልጻፍኩትም። ያን ሁሉ ጊዜ እየኖርኩበት እንዴት ሳይታየኝ ቀረ እያልኩ ዛሬም በራሴ እናደዳለሁ።

የጻፍኩት እንዲህ ያለውን ነው። ጥቅም፦ አዲስ ክፍል በየሳምንቱ ይወጣል። የግርጌው ጽሑፍ ከንግግሩ ጋር እኩል ይሄዳል። የሠሩት ሰዎች ድካማቸው ይከፈላቸዋል። ጉዳት፦ ኔትወርኩ። መካነ ሰላም ላይ አንድ ክፍል ለማውረድ መብራት ያለበትን ሰዓትና ኔትወርክ የሚይዝበትን ጥግ ማገናኘት ያስፈልጋል፤ እኔ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ያለውን ዳገት ወጥቼ፣ ስልኬን ወደ ላይ አንስቼ የምቆምበት ጊዜ ነበር። ተማሪዎቼ የምጸልይ ሲመስላቸው አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። የገዛሁት ጥቅል ደግሞ አንዱን ክፍል ሳይጨርስ ያልቃል።

በዚያ ላይ መናኸሪያው አጠገብ በፍላሽ ፊልም የሚጭን ሰው አለ። «ወላሂ መምህር፣ ሙሉው ነው፤ አንድም አልጎደለም» ብሎ የጫነልኝ አንድ ሌላ ታሪክ ከመሃሉ አራት ክፍል ጎድሎት፣ የሞተው ሰውዬ በሚቀጥለው ክፍል ሻይ ሲጠጣ አግኝቼዋለሁ። ቢሆንም ፍላሽ ኔትወርክ አይጠይቅም። ይህንንም ከጉዳት በኩል ጻፍኩት። ሚዛኑ እኩል ሆነ።

እኩል የሆነውን ያጋደለው ጾሙ ነው። ጥያቄዋ የመጣው በቅበላ ሰሞን ነበር። በእኛ ቤት ሁዳዴ ሲገባ የሚቀረው ሥጋና ወተት ብቻ አይደለም፤ ዘፈን ይዘጋል፣ ጨዋታ ይቀንሳል። እንግዲህ የቄስ ቤት ነው፣ ለሁለት ወር ለማይታይ ነገር ለምን ይከፈላል? አሰብኩና በድምፅ ቀርጬ ላክሁላት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልኩ፣ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው። መጨረሻው ይህ ነበር፦ «ስለዚህ ለጾሙ ዝጊው። ከፋሲካ በኋላ እናስበዋለን። አባንም ደስ ይለዋል።»

አባቴን አልጠየቅኩትም። ደስ ይለዋል ያልኩት ከራሴ ነው።

እሷም «እሺ ወንድም ጋሼ፣ አንተ ካልክ» አለችና በዚያው ዓርብ ማዳሟን አስዘጋቻት። ጥያቄዋን ዛሬ መለስ ብዬ ሳስበው ስለ ክፍያ አልነበረም። ያን ሰሞን ፈተና አርማለሁ ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ አላየሁም። ጉጉቱ ሥር ያለችው መስመር ባለችበት ቆማ ነበር፤ እሷም ታያታለች። የጠየቀችኝ አለህ ወይ ብላ ነው። አለሁ፣ ቀጥዪው ብል ይበቃት ነበር።

ጾሙ ገባ። በሁዳዴ ቅዳሴ የሚገባው ከሰዓት ስለሆነ አባቴ የሚመለሰው አመሻሽ ላይ፣ ከንፈሩ ደርቆ ነው። የመጀመሪያው ሰኞ፣ በትሩን እንደያዘ፣ «ዛሬስ ሄደ?» አለኝ።

«ተዘግቷል አባ። ለጾሙ።»

«ማን ዘጋው?»

«እኔ ነኝ ዝጊው ያልኳት።»

ሽሮው ቀርቦለት ሳይቆርስ ብዙ ቆየ። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ሳትደውል ቀረች፤ ጽሑፍ ብቻ መጣ፦ ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። በሦስተኛውም ጽሑፍ። በአራተኛውም። እኔ አነብለታለሁ፤ አባቴ ራሱን ይነቀንቃል።

«ጽሑፍ ማንም ይጽፈዋል» አለ። «መስመሩን ግን የምታስኬደው እሷ ብቻ ነበረች።»

«ጾም ነው ብዬ ነው እኮ አባ።»

ያኔ ነው ቀና ብሎ ያየኝ። አባቴ የሚቆጣ ሰው አይደለም፤ ድምፁንም አላነሳም።

«ከሥጋ ጹም አልኩህ እንጂ ከልጄ ጹም አልኩህ?»

ስንቱን ተማሪ መልስ አጥተህ አትቀመጥ ስል የኖርኩ ሰው ስልኬን እያየሁ ቀረሁ። ያን ጾም አባቴ ቀጠነ። ምእመናኑ በጾሙ በረቱ እያሉ ያመሰግኑታል፤ እኔ ግን ከምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ለፋሲካ ደወለች። ድምፅዋ ሻክሮ ነበር። ለአባቴ ጉንፋን ነው አለችው፤ እሱም ድምፅዋን በመስማቱ ብቻ ደስ ብሎት አለቀሰ። እውነቱን ለእኔ የነገረችኝ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ አባቴ በሌለበት ነው። በጾሙ መጀመሪያ እንቅርቷን በቀዶ ጥገና አውጥተውላት ኖሯል።

«ከሆስፒታል ስወጣ ድምፅ የለኝም» አለችኝ። «ብደውል አባ ወዲያው ያውቁብኛል። ተኝቼ ታብሌቷን አነሳኋት። መስመሯን ትንሽ ላስኪዳት፣ አለች ይበሉ ብዬ ከፈትኩት። ክፈይ አለኝ። ለካ ጾም ነው፤ ረስቼው።»

«ለምን አላስከፈትሽውም?»

«አባን ደስ ይላቸዋል ብለህ አልነበር? እሳቸው ያልፈለጉትን እንዴት አስከፍታለሁ? አብሽር ወንድም ጋሼ፣ አልፏል።»

በወሎ አብሽር ስንባባል አይዞህ ማለታችን ነው። ጉሮሮዋን የተቀደደችው እሷ፣ አይዞህ የምትለው እኔን። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ አፍሬ ቀረሁ ብል ይሻላል።

ማዳሟ በሕመሟ ጊዜ ሌላ ሠራተኛ ስላስገባች፣ እህቴን ለአሮጊት እናቷ ቤት አስተላለፈቻት። አሁን ያለችው አሮጊቷ ዘንድ ነው። ዋይፋይ የለም፤ ታብሌቷንም የማዳሟ ልጅ መልሳ ወሰደቻት። ስልክ እንደ ድሮው ዓርብ ዓርብ ነው። ስለ ቀዶ ጥገናውም ሆነ ስለ አዲሱ ቤት ለአባቴ ትንፍሽ እንዳልል አስማለችኝ።

አባቴ ግን ጾሙ ከተፈታ በኋላ ጥያቄውን ጀመረ። «አሁንስ አልተከፈተም?» የሥራ ባልደረባዬን ለመንኩት፤ ዱባይ ያለው ወንድሙ በካርዱ ከፈለልኝ። የዚህን ጊዜ ጥቅምና ጉዳት አልጻፍኩም። ስከፍተው ጉጉቱም ጥንቸሏም እንደነበሩ አሉ። የጥንቸሏ መስመር በቅበላ እንደቆመች ናት፤ ደወል ጠጋኟ ገደል አፋፍ ላይ ካለ አንድ ገዳም በር ስታንኳኳ።

በማግስቱ ጠዋት፣ አባቴ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ጥንቸሏን ነካሁ። የቆመችበትን ክፍል ከፈትኩና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ልብሴን ለበስኩ። ሲመለስ «ዛሬስ ሄደ?» አለኝ።

«ሄዷል አባ።»

«ተመስገን!» አለ። ጋቢውን አራግፎ ተቀመጠና ቁርስ ጠየቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ በየጠዋቱ እንደዚሁ ነው። አባቴ ፊቱ መለስ ብሏል። እኔ ተማሪዎቼን የተናገራችሁትን አስረዱ የምል ሰው፣ የቄስ ልጅ፣ በየቀኑ ለአንድ ሽማግሌ እዋሻለሁ። እውነቱን ብነግረው ደግሞ ሕመሟን፣ ያን ጊዜ መተኛቷን፣ ታብሌቷ ክፈይ ማለቷን ሁሉ አብሬ መናገሬ ነው።

ዓርብ ስትደውል አባቴ ስለ ጤናዋ ከጠየቃት በኋላ ወደ ደወሉ ይሄዳል። መጀመሪያውን ዓርብ በዚህ ልንያዝ ነበር፤ «ያ መነኩሴ በሩን ከፈተላት አይደል?» ሲላት ዝም አለች። ኔትወርኩ ነው ብዬ አተረፍኳት። አሁን ዘዴ አበጅተናል። አስቀድማ ለእኔ ትደውላለች፤ እኔ ግቢውን ወጥቼ አነሳለሁ። አሮጊቷ ስልኩን የምትሰጣት ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ሰላምታ እንኳ አናበዛም። ጉሮሮዋ እስከ ዛሬ እንደሻከረ ነው። ገና ሃሎ ስላት ትጠይቀኛለች፦

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ የት ደረስኩ?»

እኔም በዚህ ሳምንት ያየችውን እነግራታለሁ።