ጎርፉን «እርስዎ» ይሉ የነበሩት አጎቴ

አጎቴ ካረፉ ገና አርባቸው አልወጣም። ደባርቅ ላይ ቤት ሊሠራ ያሰበ ዘመድ ሁሉ መሠረት ከማስቆፈሩ በፊት እርሳቸውን ይጠራ ነበር። እርሳቸውም ክረምት ሲገባ ካፖርታቸውን ደርበው፣ በባዶው ቦታ ላይ ዝናብ እየመታቸው ይቆሙና ጎርፉን በአክብሮት ይጠይቁት ነበር፦ «እርስዎ በየት በኩል ያልፋሉ?» ውሃው ባለፈበት ሁሉ ችካል ይተክላሉ። የጌሾው፣ የኮሶው ዛፍና የጎመኑ መደብ ቦታ ከተለየ በኋላ ነው የቤቱ ተራ የሚደርሰው።

ከዩኒቨርሲቲ በተመለስኩበት ዓመት የራሴን ቤት ፕላን ነድፌ አሳየኋቸው።

«ምሁሩ፣ ሳሎኑ የት ነው?»

በጣቴ አመለከትኩ።

«እንግዲያስ ለጎርፉም ወንበር አዘጋጅላቸው፤ በሐምሌ የሚገቡት በዚያው ነው።»

ተቆጣሁ። በሐምሌ ግን ቦታው ላይ ቆሜ በዓይኔ አየሁና ፕላኑን ቀደድኩት።

ባለፈው ክረምት አጎቴ በልጄ ቦታ የላይኛው ግማሽ ላይ ችካል ተክለው፣ የታችኛውን ለዘንድሮ አቆይተውት ነበር። አሁን ልጄ፣ «አባባ፣ እርሳቸው እንግዲህ አርፈዋል፤ ችካሉን እንንቀልና ዝናቡ ሳይመጣ መሠረቱን እናውጣ» ይለኛል። ግንበኛውም አሸዋውን አራግፏል።

አይሆንም! ያረፉት እርሳቸው ናቸው እንጂ ጎርፉ አላረፈም። በልጄ ግቢ ከአጥሩ ሥር ይቆሙበት የነበረው ቦታ ባዶውን መቅረቱን አልቀበልም። ዘንድሮ ካፖርቴን ደርቤ እኔው እቆምበታለሁ። ጎርፉን «እርስዎ በየት በኩል ያልፋሉ?» ብዬ ሳልጠይቅ በዚያ ግቢ አንድ ድንጋይ አይቀመጥም።