የረቡዕ ዳዊት

ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋልኩት ለትንሣኤ እብናት አቅራቢያ ወደሚገኘው የአጎቴ ቤት የሄድኩ ጊዜ ነው። ደጃፉ ላይ ቆመን ሳለ አጎቴ ማዶ ወዳለው ባሕር ዛፍ አሻግረው ተመለከቱና፣ "ያቺ ግንባረ ቦቃ ጥጃ የማን ናት? ገመዷን በጥሳለች" አሉኝ። እኔ ጥጃ መሆኗን እንኳ የለየሁት በግድ ነበር። ከዚያ ወደ ቤት ሊገቡ ዞር ሲሉ ግንባራቸው ከመቃኑ ጋር ተላተመ።

ሚስታቸው ሳቁ። "ምነው ጋሼ፣ መቃኑ ዛሬ ነው የበቀለብዎ?"

"አንቺ ነሽ ያስጠጋሽው" አሉ እሳቸውም እየሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። መደቡ ላይ ሲቀመጡ ሱሪያቸው ከፍ ብሎ ቅልጥማቸውን አየሁት። የዳነና ያልዳነ ቁስል አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦበታል። "ድንጋይ ነው" ብለው ሱሪያቸውን ወደ ታች ሳቡ።

ደብረ ታቦር የማስተምረው ሳይንስ ነው፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። በዓሉ እንዳለፈ አጎቴን ይዤ ተመለስኩና ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ መርምሮ ሲጨርስ የዓይን ግፊት መሆኑን ነገረን። "እይታን ከዳር ጀምሮ ነው የሚበላው። የተበላው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው። ብርሃን በሚያንስበት ቦታ ደግሞ የቀረውም አያገለግላቸውም" አለ።

ወደ መንደሩ ስንመለስ ይህን ለሚስታቸው ለእትዬ ለማስረዳት ደብተር ጠቅልዬ እንደ ቱቦ አደረግሁና ወደ ዓይናቸው እንዲያስጠጉት ሰጠኋቸው። "አሁን እኔን ያዩኛል፤ በሩን ግን አያዩትም። ጋሼም እንደዚህ ናቸው። ፊት ለፊት ያለውን ያያሉ፣ ዳር ዳሩ ጠፍቷል።"

እትዬ በደብተሩ ቀዳዳ ቤቱን ዞር ዞር እያሉ አዩት፤ ከዚያ ጣሉት። "በይ ተይ። ዕውርነትን በአፍሽ አትጥሪብኝ። አታሟርቺ!"

ሟርት ያሉት ነገር ግን ከእርሻቸው በታች ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። ጎርፍ የቆረሰው ቦረቦር አለ፤ በየክረምቱ መሬቱን ከዳር ከዳር እየገመሰ ወደ ላይ የሚወጣ ጥልቅ ገደል ነው። በቀበሌው እህል የሚደጎም ቤተሰብ ሁለት ዓይነት ነው። ጉልበት ያለው በልማት ሥራ እየተሳተፈ ያገኛል። መሥራት እንደማይችል ኮሚቴ ያረጋገጠለት ደግሞ ሳይሠራ ያገኛል፤ ይኼኛው ቀጥታ ድጋፍ ይባላል። አጎቴ የተመደቡት ከሠራተኞቹ ጋር ነበር። የዚያ ዓመት ሥራ በቦረቦሩ ጠርዝ ድንጋይ እየተሸከሙ ጎርፉን የሚያቆም ክትር መገደብ ነው። የቀረ ሰው ይሰረዛል። ስለዚህ ቀጥታ ድጋፍ እስኪፈቀድላቸው ድረስ፣ ዳር የማይታያቸው ሰው በየማለዳው ገደል ዳር ድንጋይ ይሸከማሉ ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ስልኬ በጮኸ ቁጥር መርዶ ይመስለኝ ጀመር።

ማመልከቻውን ጻፍኩ፤ የሐኪሙን ወረቀት አያያዝኩ፤ አጎቴንም እንደ ተማሪ አለማመድኳቸው።

"እንዴት ነዎት ሲሉዎት፣ 'ተመስገን፣ ደህና ነኝ' እንዳይሉ።"

"ታዲያ ፈጣሪዬን ላማርር?"

"አይደለም ጋሼ። የማያዩትን ብቻ ይንገሯቸው።"

"የማላየውን በምን አውቄው?" አሉኝ።

ኮሚቴው የተሰበሰበው ረቡዕ ዕለት፣ በቀበሌው አዳራሽ ነው። ነፋሱ አቧራ ስለሚያስገባ የቆርቆሮ መስኮቶቹ ተዘግተዋል። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ ወጣት ነው፤ ከጎኑ የደብሩ ቄስና ገበሬዎች ተቀምጠዋል።

"ቲቸር፣ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው" አለ ሊቀመንበሩ እያገላበጠው። "እኛ የምናውቀው እሳቸውን ነው። እሁድ ዕለት ከወንዝ ማዶ ሆነው በስሜ ጠርተው ሰላም ብለውኛል።"

ደብተሬን ጠቅልዬ ሰጠሁት። በቀዳዳው አየኝ። "በዚህ እኮ አንቺን አጥርቼ አያለሁ! እንዲያውም አማርሽ።" አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

ሳቁ ሲበርድ አንድ ገበሬ፣ "ዳዊታቸውን አንግተው የለም እንዴ? ያንብቡልንና ይለይ" አሉ።

አጎቴ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመዋል፤ ዳዊታቸው ከትከሻቸው አይወርድም። ሊቀመንበሩ መጽሐፉን ከቆዳ ማኅደሩ አውጥቶ፣ ግልጥ አደረገና በእጃቸው አኖረው። 'አይታየኝም ይበሉ' እያልኩ በልቤ ለመንኳቸው። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ።

ግዕዙ እንደ ውኃ ወረደ። አንዴም አልተደናቀፉም። ገጽ መገልበጥ ባለበት ጊዜ ጣታቸው ገጹን ገለበጠ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ግዕዝ አላውቅም፤ ለአፍታ ሐኪሙ ተሳስቷል ብዬ ደስ አለኝ። ቄሱ ብቻ በአጎቴ ትከሻ ላይ አሻግረው ገጹን ሲመለከቱ ቆዩና ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ስበው ወደ መሬት አቀረቀሩ።

"እንዲህ ያለ ዓይን ለኔም በሰጠኝ!" አለ ሊቀመንበሩ። "ከሠራተኞቹ ጋር ይቀጥላሉ።"

ግቢው ውስጥ ቄሱን ተከትዬ ደረስኩባቸው። "መምሬ፣ ምን አይተው ነው ያቀረቀሩት?"

ዙሪያቸውን ቃኙ። "የተገለጠው ገጽ የሐሙስ ነበር፣ ልጄ። እሳቸው የደገሙት የረቡዕን ነው።"

ዳዊት በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ ነው የሚደገመው። አጎቴ ዕለቱ ረቡዕ መሆኑን ያውቃሉ፤ የረቡዕን በቃላቸው ወጡት። ፊታቸው የተገለጠው ገጽ ግን ሌላ ነበር።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"የሰው ገመና አይደለም እንዴ? በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ልግለጠው? ሸፈንኩላቸው እንጂ።" ይህን ያሉት ደግ እንደ ሠራ ሰው ነው። እንደ አገሩ ሥርዓትም ደግ ነበር።

"ነገ ቦረቦሩ ዳር ማን ይሸፍንላቸዋል?"

መስቀላቸውን በጣታቸው አሻሹ።

ወደ ቤት ስንሄድ አጎቴ ትከሻዬን ይዘው ነበር። "ለምን ጋሼ?" አልኳቸው።

"ዳዊት ሰጥተውኝ አይታየኝም ልበል?" አሉ።

በማግስቱ አብሬያቸው ወረድኩ። ፀሐይ ገና አልወጣችም፤ አፈሩና አየሩ አንድ ዓይነት ግራጫ ነበሩ። ሰዎቹ ድንጋያቸውን ተሸክመው በሰልፍ ይሄዳሉ። አጎቴ ከፊታቸው የሚሄደውን ሰው አንድም ጊዜ አላዩትም፤ የሚከተሉት የጫማውን ድምፅ ነበር። መምሬም ሳይታዘዙ መጥተው ዳር ቆመዋል።

ጠርዙ ጋ ሲደርሱ የፊተኛው ሰው ጫማው ተፈታበትና ፈንጠር ብሎ ጎንበስ አለ። ድምፁ ተቋረጠ። አጎቴ ግን ቀጥ ብለው ሄዱ።

"ጋሼ!" ብዬ ጮኽኩ።

ቆሙ። ከእግራቸው ጣቶች ሥር አፈሩ ተናደ። ድንጋዩ ከእጃቸው አመለጠ፤ ከታች ድምፁ እስኪመጣ ድረስ ሁላችንም ጠበቅን። ዘግይቶ መጣ።

"ጠርዙ የት ነው?" አሉ አጎቴ። "ጠርዙ የት ነው አልኳችሁ!"

"እግርዎ ሥር ነው" አሉ መምሬ፤ ጋቢያቸውን ጨምድደው ወደ ኋላ ሳቧቸው።

አጎቴ ፊታቸውን ወደ ሰዎቹ ድምፅ አዙረው፣ "አይታየኝም" አሉ። "ትናንትም አልታየኝም። በቃሌ ነው የደገምኩት።"

"ምስክር ነኝ፤ ገጹ የሐሙስ ነበር" አሉ መምሬ፣ ቀስ ብለው።

ሥራውን ሊቆጣጠር የመጣው ሊቀመንበር እግሩን እያየ፣ "እንግዲህ ጉዳዩ እንደገና ይታያል" አለ።

"እዩት እንጂ" አሉ አጎቴ። "ዓይን ያላችሁ እናንተ ናችሁ።"

ታየ። ክረምቱ ሳይገባ ወደ ቀጥታ ድጋፍ አዛወሯቸው። እኔ ከደብረ ታቦር እየደወልኩ ጠብታውን ማድረግ አለማድረጋቸውን እጠይቃለሁ። ያን ቃል ከተናገሩ ወዲህ ሰው ሁሉ በጠራራ ፀሐይ ፊታቸው ቆሞ እጃቸውን እየያዘ፣ "እኔ እገሌ ነኝ" ይላቸዋል አሉ። "ፊት ለፊት ያለውን አያለሁ" ቢሉም የሚያምናቸው የለም። መቃኑ ሲመታቸውም እትዬ አይስቁም።

በቀደም ስደውል ስለ ጠብታው ከመጠየቄ በፊት ቀደሙኝ።

"ያንን ደብተር ጠቅልለሽ ለእትዬሽ አሳይተሻት አልነበር?"

"አዎ ጋሼ።"

"አሁንም በእጅሽ አለ?"

"አለ።"

"እስቲ ከዚያን ጊዜው ይልቅ ጠበቅ አድርገሽ ጠቅልዪው" አሉኝ።