ቀብሩ ቅዳሜ ነበር

ሎስ አንጀለስ፣ ዌስትውድ ካለው ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ የሚሆነኝን ሥራ እስካገኝ ድረስ፣ ዌስት አዳምስ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት እንከባከብ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ ከአባታቸው ጋር በጀልባ ከኢስቶኒያ የወጡ ናቸው። ታናሽ እህታቸው ከእናታቸው ጋር እዚያው ቀረች። ለተወሰኑ ዓመታት ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፤ እናታቸው ሲሞቱ ግን ያም ተቋረጠ።

«አንቺ ኮምፒውተር ታውቂያለሽ፤ እህቴን ፈልጊልኝ» አሉኝ አንድ ቀን፣ ሾርባቸውን እያሞቅኩ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። አባታቸው ግን ከጦርነቱ በፊት የጀርመን የሚመስለውን የቤተሰብ ስማቸውን ጥለው የኢስቶኒያ ስም አውጥተዋል፤ ያኔ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርግ ነበር። እህትየው ደግሞ ስታገባ ያንንም ትታ የባሏን ስም ሳትይዝ አልቀረችም። እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም በአባቷ ስም ነው የምትጠራው። ሰው በስሙ ምክንያት ከገዛ እህቱ ሊጠፋ እንደሚችል አስቤው አላውቅም ነበር።

ከሰዓት ከሰዓት አጠገባቸው ተቀምጬ በኢንተርኔት የተለቀቁትን የድሮ የቤተ ክርስቲያን መዝገቦች እናይ ጀመር። የተጻፉት እንደዚያ ዘመን የኢስቶኒያ ልማድ በጀርመንኛ ነው፤ በእጅ፣ ለዚያውም በደከመ ቀለም። የአያታቸውን የጥንት ስም ካገኘን በኋላ፣ ያንኑ ስም ይዘን አንዲት ሴት በድረ ገጽ ላይ የሠራችው የዘር ሐረግ ላይ ደረስን። የእህታቸው ስም እዚያ ነበር፣ ከአዲሱ የባሏ ስም ጋር። ከሥሩ «በሕይወት ያለች» ይላል። አሮጊቷ ስክሪኑን በጣታቸው ነኩት። ለሐረጉ ባለቤት ወዲያው ጻፍኩላት። እሳቸውም በዚያ የሎስ አንጀለስ ሙቀት ለእህታቸው የሱፍ ጓንት መሥራት ጀመሩ።

መልሱ የደረሰኝ ረቡዕ ዕለት፣ ፌርፋክስ ላይ ባለው የአክስቴ የቅመማ ቅመም ሱቅ ውስጥ ሳለሁ ነው። ጸሐፊዋ የእህትየው ልጅ ነች። «እናቴ ትናንት አረፈች። ቀብሯ ቅዳሜ ነው። እህቷ የምትላት ነገር ካለ ላኪልኝ፤ መቃብሯ ላይ አነብላታለሁ» ይላል።

«ውይ! እንዳትነግሪያቸው!» አለች አክስቴ፣ ሳነብላት።

«ቀብሩ ቅዳሜ ነው እኮ።»

«ሶ? በርረው ሊደርሱ ነው? ብቻቸውን ናቸው፣ ልባቸው ደካማ ነው። መርዶ እንዲህ በቴክስት አይነገርም። እሁድ በማለዳ ጋሼን ይዘን እንሄዳለን፤ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ።»

ጋሼ የፓርኪንግ ሠራተኛ ናቸው፤ ሰፈራችን ውስጥ መርዶ ሲመጣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። «ልክ ናት» አሉ። «የእናቴን ሲያረዱኝ አራት ሰው ነው የያዘኝ።»

«አራት? ያኔ ወፍራም ነበሩ ማለት ነው!»

«ውፍረቱን አንቺ ወሰድሽብኝ እንጂ!»

ተሳሳቁ። እኔም እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ቅልል ነው ያለኝ። ለዓይን አፋር ሰው ልማድ ጥሩ መደበቂያ ነው።

«መልስ መጣ?» ይሉኝ ነበር አሮጊቷ በየቀኑ።

«ገና ነው።»

ቅዳሜ ጓንቱን ጨረሱና በእኔ እጅ ለኩት። «የእሷ ጣት እንዳንቺ ቀጭን ነበር» አሉኝ።

እሁድ በማለዳ ሄድን። አክስቴ ጥቁር ለብሳ ዳቦ ይዛለች፣ ጋሼ ሱፍ ለብሰዋል። አሮጊቷ በሩን ከፍተው ጥቁሩን አዩ። ከዚያ ያዩት እኔን ነው።

«ሞታለች፣ አይደል?»

ጋሼ ያዘጋጁት ንግግር አፋቸው ውስጥ ቀረ። ሴትዮዋ አልወደቁም፤ ራሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። አክስቴ ግን ከኋላ ትከሻቸውን ያዘች። መልእክቱን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው እዚያው ቆመ።

«የደረሰሽ ረቡዕ ነው።»

«እንዳይደነግጡብን ብዬ ነው…»

«መልስ መጣ ወይ ስልሽ፣ ገና ነው አልሽኝ።»

ጋሼ ሊያግዙኝ ሞከሩ። «በእኛ አገር መርዶ ለብቻ ሰው…»

«በእኛ አገር ደግሞ» አሉ እሳቸው፣ «ሟችን ሳይሰናበቱ አይቀብሩም።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው በቋንቋቸው መናገር ጀመሩ። ረጅም አልነበረም። አንድ ቦታ ላይ የሳቁ መሰለኝ። ከእኛ ውስጥ አንዲት ቃል የገባው የለም፤ አክስቴ ግን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፣ ጋሼም ኮፍያቸውን አወለቁ። እኔ አላለቀስኩም። ይህ ሁሉ ትናንት ቋንቋው በሚገባው ሰው ፊት፣ መቃብሩ ላይ ሊነበብ ይችል እንደነበር ብቻ አስብ ነበር።

ሲጨርሱ ስልኬን አወጣሁ። «ይንገሩኝና ልጻፈው፤ ለእህትዎ ልጅ ልላክላት» አልኳቸው።

ጓንቶቹን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው አንዱን በአንዱ ውስጥ አጥፈው ከተቱት።

«አሁን?» አሉኝ።