ማንጠግቦሽ ውሃ ጠገበች

ታረቀ የደብረ ኤልያስ ሰው ነው። ከወንዝ በቀር ውሃ አያውቅም፤ እሱንም ሱሪውን ሰብስቦ የሚሻገረውን። ጣሊያን አገር በያዘ በሦስተኛው ዓመት ግን ጣና ዳር ቆሞ፣ ታንኳ ላይ ልውጣ አልውጣ እያለ ከራሱ ጋር ይሟገት ጀመር።

ያመጣው የሚስቱ ነገር ነው። እሱ ከአርበኞች ጋር ጫካ ሳለ ማንጠግቦሽ ስንቅ ታቀብል ነበር። አንድ የጣሊያን ባንዳ ስሟን ይዞ ሊያስራት ሲመጣ ቤቱን ባዶ አገኘውና አቃጥሎት ሄደ። እሷ የጣና ደሴት ላይ ወዳለች አክስቷ ሸሸች ተባለ። ከዚያ ወዲህ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ወሬዋ የለም።

ባለታንኳው አያ ደርቤ ሸምገል ያሉ፣ ነገር አዋቂ ሰው ናቸው። ታረቀ ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ሣር የታሰረውን ታንኳ ጠርዝ ሙጭጭ አድርጎ ሲይዝ አይተው፣ “የያዝከው ደንገል ነው ልጄ፤ ድንግልን ብትይዝ ይሻልሃል” ብለው ሳቁበት።

መሀል ሲደርሱ እንደ ምንም ደፈረ።

“አያ ደርቤ፣ ደሴቱ ላይ ማንጠግቦሽ የምትባል ያውቃሉ?”

“እንዴት አላውቃትም! ምን ዋጋ አለው፣ ባለፈው ሳምንት ውሃ ጠግባ ሰመጠችብን። ጎትተን አወጣናትና ከወዲያኛው ዳር ድንጋይ ላይ አስጥተናታል።”

ታረቀ ሰው ሲሰጣ ሰምቶ አያውቅም፤ የውሃ ዳር ሰው ሬሳውን እንዲህ ያደርግ ይሆናል ብሎ አሰበ። ሽማግሌው ግን ስለ ጉማሬ ወሬ ቀጥለው ነበር።

ከታንኳው እንደ ወረደ ዳር ዳሩን ይዞ ሄደ። ሥሩን ውሃ ውስጥ የነከረ ዋርካ አለፈ፤ ጉማሬ የረገጠው ጭቃ እስከ ጉልበቱ ዋጠው። አንድ ቦታ ላይ ገመድ እንደ መጋዝ የሰረሰረው ቋጥኝ አየ። ስንት ትውልድ ታንኳውን ቢያስርበት ነው ገመድ ድንጋይ የበላው? በሌላ ቀን ቢሆን ቆሞ ይደነቅ ነበር። ዛሬ ዓይኑ የሚፈልገው ነጠላ የለበሰ ሬሳ ነው።

ከወዲያኛው ዳር፣ ሰፊ ድንጋይ ላይ፣ አንዲት ታንኳ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ ተኝታለች። አጠገቧ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ የላላውን ደንገል በገመድ ታጠብቃለች። አስተሳሰሯ ነዶ እንደሚታሰር ነው፤ ታረቀ ያን እጅ ያውቀዋል።

“ሰመጠች አሉኝ” አለ፣ ሌላ ቃል ቢያጣ።

ዞረች። ገመዱ ከእጇ ወደቀ።

“ማን?”

“አንቺ።”

ማንጠግቦሽ እሱን አየች፣ ታንኳዋን አየች፤ ከዚያ እንባዋ ከሳቋ ተደባልቆ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያው ሳትነሳ ነገረችው። ባንዳው የሚፈልገው ስሟን ነውና፣ ደሴት እንደ ገባች በክርስትና ስሟ ወለተ ሰንበት ተባለች። የዓለም ስሟ ሜዳ ላይ ከሚቀር ብላ፣ አያ ደርቤ በዚያው ሳምንት ላሰሯት ታንኳ ሰጠችው። እሳቸውም ውሃ የማትጠግብ ታንኳ ለማለት መስሏቸው ወደዱት።

“የቅኔ አገር ሰው ሆነህ ሰሙን ይዘህ ወርቁን ሳትክ?” አለችው።

ታረቀ ከታንኳዋ ሆድ ተደገፈና፣ ያቀበለችውን የገመድ ጫፍ ይዞ ይጎትት ጀመር።

ታንኳ ዓመት አይቆይም፤ ስሙ ግን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይወረሳል። ጣሊያን ወጥቶ ባልና ሚስቱ ወደ ደብረ ኤልያስ ሲመለሱ ያሻገረቻቸው ሦስተኛዋ ማንጠግቦሽ ናት። ያን ዕለትም ቢሆን ታረቀ ጠርዙን አለቀቀም።