የጋሽ ፍሬን ዝኩኒ

ጋሽ ፍሬን ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ፣ እየሮጠ የሚመጣ ሰው አይተው ጥለው ሄደው አያውቁም። አውቶቡሱ ጢም ብሎ እንኳ ፍሬን ይይዙና "ጠጋ ጠጋ በሉ" ብለው ያሳፍሩታል። ስሙም የወጣላቸው ከዚሁ ነው። ጡረታ ወጥተው ጓሮ ማልማት ሲጀምሩ ታዲያ ጠባያቸው አብሯቸው ወጣ። የዝኩኒ ችግኝ ሲበዛ መሳሳት አለበት፤ ደካማው ይነቀልና ጠንካራው ይቀራል። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ያዩአትና "ይቺስ ምን በደለች?" ይላሉ። አንዷንም ሳይነቅሉ ሁሉም አደገ፣ ሁሉም አፈራ።

ዝኩኒ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ማታ ጣት የምታክለዋ ጠዋት ክንድ አክላ ትገኛለች። ማቀዝቀዣው ሞላ፣ የቀረው አልጋ ሥር ገባ። አምና አንዷ እዚያው ተረስታ ቤቱን ስላገማችው፣ ባለቤታቸው ዘንድሮ ቁርጡን ነገሯቸው።

"ስማ አንተ ሰውዬ፣ አንዲት ዝኩኒ እዚህ ቤት ከበሰበሰች ጓሮውን ሲሚንቶ አስለብሼ ልብስ ማስጫ አደርገዋለሁ።"

የምራቸው መሆኑ እንዲታወቅም አንድ ከረጢት ሲሚንቶ አስመጥተው ደጃፉ ላይ አጋደሙት።

የጋሽ ፍሬን ሆድ ባባ። መሪ ከለቀቁ ወዲህ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳቸው ያ ጓሮ ብቻ ነው። እናም ዘንቢል አንጠልጥለው ሰፈሩን ማዳረስ ያዙ። መጀመሪያ ምርቃቱ ዘነበላቸው። ሲደጋገም ግን ልብስ ሰፊዋ ገና ከሩቅ ስታያቸው መጋረጃ መሳብ ለመደች። መድኃኒት ሻጩማ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ሐኪም ዝኩኒ ከልክሎኛል" አላቸው።

በመጨረሻ ዘዴ መጣላቸው። ሁለት ጆንያ ዝኩኒ ይዘው አውቶቡስ ተሳፈሩና የኋላ ወንበር ሥር ሸጉጠውት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወረዱ። የፈለገ ይውሰደው ብለው ነው። ቤታቸው የገቡት እያፏጩ ነበር።

"አለቀ፣ ተገላገልን" አሉ ለባለቤታቸው።

አመሻሹ ላይ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ፍሬን ራሳቸው ያሠለጠኑት ሹፌርና ቲኬት ቆራጯ፣ አንዳንድ ጆንያ ተሸክመው ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ረስተውት ወርደው ነው" አለ ሹፌሩ። "የተረሳ ዕቃ ባለቤቱ ደጃፍ ድረስ ይሄዳል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?"

"የኔ መሆኑን በምን አወቃችሁ?"

"ይሄን ያህል ዝኩኒ ከእርስዎ ሌላ ማን አለው?" አለች ቲኬት ቆራጯ።

ጋሽ ፍሬን ሲሚንቶውን አዩት። ባለቤታቸው ግን ከት ብለው ሳቁና እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉ። እንባቸውን እየጠረጉም "ለመሆኑ እህል ቀምሳችኋል?" ብለው ጠየቁ። የት ቀምሰው፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነበሩ። ባለቤታቸው ሽንኩርትና ቲማቲም አቁላሉና ዝኩኒውን ከትፈው ጨመሩበት። እንግዶቹ ድስቱን ሙልጭ አደረጉት።

በማግስቱ ሌሎች ሹፌሮችን አስከትለው መጡ። ልጆቻቸው ትዳር ይዘው ከወጡ ወዲህ ጭር ብሎ የከረመው ቤት በአንድ ጊዜ ሞቅ ሞቅ አለ። ባለቤታቸው ከቁም ሳጥን ላይ ትልቁን ድስት አወረዱ፤ እሱን ካወረዱ ዘመን ሆኗቸው ነበር። በዚያ ዓመት አንዲትም ዝኩኒ አልበሰበሰችም። ሲሚንቶውን የሚያስታውሰው ጠፍቶ ዝናብ መታው፣ እዚያው ድንጋይ ሆኖ ቀረና ሹፌሮቹ ተራ የሚጠብቁበት መቀመጫ ሆነ።

የሚቀጥለው ችግኝ ብቅ ሲል ባለቤታቸው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

"ያንተ አንጀት አይችልም፣ ዘንድሮ የማሳሳው እኔ ነኝ።"

ቁጢጥ ብለው አንዷን ያዙ። ለቀቋት። ሌላዋን ያዙ።

"ይቺ እንኳን ዳር ላይ ናት፣ ማንንም አትነካም። ያቺኛዋ ደግሞ..."

እጃቸው እዚያው ቀረ። ጋሽ ፍሬን ከኋላቸው ቆመው ሲያዩ ቆዩና ጎንበስ አሉ።

"ጠጋ ጠጋ በሉ በያቸዋ" አሏቸው።