የዓሪፍ ዳዶ

ዓሪፍ መርሳ ላይ ጋራዥ ነበረው። ከመርሳ ግራና የሚመላለሱ ባጃጆች የጎማ ማሰሪያ ዳዶ በኮረኮንቹ እየተፈታ ሲያስቸግር፣ ዳዶው ውስጥ ቀጭን የሞላ ምላስ ሰካበት። መንገዱ ባናወጠው ቁጥር ምላሱ ቡሎኑን ይበልጥ ይነክሳል።

የፈጠራ መብት እንዲሰጠው አዲስ አበባ አመለከተ። ወዲያው ጦርነቱ ደረሰ። ጋራዡ እስከ መፍቻው ተዘረፈ። መብቱን ካገኘ ዳዶውን የሚያመርትለት ነጋዴ ነበር፤ ዳግም ለመቆም ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ጥር ላይ ስልክ ሲመለስ ማመልከቻውን የያዘችው የፈጠራ መብት መርማሪ ከአዲስ አበባ ደወለች።

«አቶ ዓሪፍ፣ ሞላው የታወቀ ነው፤ ዳዶውም የታወቀ ነው። ማጋጠሙ ለማንኛውም ባለሙያ ግልጽ ነው።»

«ግልጽ ከሆነ እስከ ዛሬ መካኒኩ ሁሉ የት ተኝቶ ነበር?»

ሳቀች። «እንግዲያው ሞክሮ ያቃተው ባለሙያ ያምጡልኝ።»

«ጋሼ ሃብተሥላሴ አሉ፤ ወልድያ፤ ሙያ ያስተማሩኝ። ታግለው ታግለው ትተውታል።»

«ማመልከቻዎ ላይ እኮ ‹ይህን ያገኘሁት ከመምህሬ ነው› ብለዋል።»

ዓሪፍ የጻፈው ትዝ አለው። በጋራዥ ሰዎች ዘንድ ተማሪ እጁ ያወጣውን ሁሉ ለመምህሩ ይሰጣል፤ «እኔ ፈጠርኩ» ማለት ነውር ነው።

«አክብሮት ነው እኮ፣ እህቴ!»

«ሕጉ ቃልዎን ነው የሚያየው። እሳቸው ራሳቸው ‹አላሳየሁትም፣ እኔንም አቅቶኛል› ብለው ይፈርሙ። እስከ ወር መጨረሻ።»

በማግስቱ ወልድያ ወጣ። የመምህሩ ባለቤት ትርሓስ በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱ።

«እትዬ፣ ጋሼስ?»

«ቀስ በል! ከተማው እጅ ሲለዋወጥ፣ ‹ትግሬ ነህ፣ ይወስዱሃል› ብለው አስፈራሩት። በቆቦ በኩል ወደ ትግራይ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁም።»

የመጣበትን ነገራቸው። ፊታቸው ለአፍታ ፈታ አለ። «ያን ዳዶ ያሳየኸው ቀን ራት አልበላም። ‹ይሄ እንዴት ለኔ ሳይታየኝ!› እያለ ሲነጫነጭ አመሸ።»

«ይችን ብቻ ጽፈው ይፈርሙልኝ!»

«እኔ መካኒክ ነኝ? ደግሞስ ስሙን ካነሳሁ ‹የት ገባ› አይሉኝም? ለጎረቤት እንኳ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል ነው የምለው። ተወኝ፣ ልጄ።»

ተዋቸው።

በወሩ መጨረሻ መርማሪዋ ደወለች። «ምስክሩስ?»

«የሉም።»

«ሞተዋል?»

«አላውቅም።»

«እንግዲህ ለባለሙያ ግልጽ ነው ብለን እንዘጋዋለን።»

ዓሪፍ ግራና ገበያ ጆንያ ሊሸከም ሄደ። የተሳፈረበት ባጃጅ ጎማ በእሱ ዳዶ የታሰረ ነበር።