አንድ እንስራ ውሃ አለብኝ

የዚያን ቀን በሬ ልገዛ ዳንግላ ገበያ ገብቼ ፈረስ ገዝቼ ወጣሁ። ሰው ይሳሳታል፤ እንዲህ አድርጎ ግን አይሳሳትም። ከፈረሱ ጎን የቆምኩት ለጥላ ብዬ ነበር። ደላላው መጣና ዋጋውን ነግሮኝ ተስማማህ ወይ አለኝ። አልፈልግም ልል አፌን ስከፍት ቃሉ እንደ ልማዱ ጉሮሮዬ ላይ ተገተረ። እኔ ደግሞ ቃል ሲያንቀኝ በአንገቴ እገፋዋለሁ፤ ራሴ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። ደላላው እሺ ያልኩ መስሎት እጄን ከባለፈረሱ እጅ ጋር አጋጨና መረቀን። እጅ ከተመታ በኋላ ማፍረስ ነውር ነው። የአባቴ በሬ በአንገቴ ንቅናቄ ፈረስ ሆነ። ያውም ያረጀ ፈረስ። ዛሬ እኔም እዚያው ዕድሜ ላይ ስለደረስኩ አላማውም።

ሃያ ዓመት ሞልቶኝ፣ ጢም አብቅዬ፣ የገዛ ስሜን ሳልንተባተብ ጠርቼው አላውቅም ነበር። ነገሩ በስም ቢያበቃ ግድ አልነበረኝም። ቆሰበር አጠገብ፣ ከምንጩ በታች፣ የገብስ ማሳ ነበረን። ጎረቤታችን የድንበሩን ድንጋይ ገፍቶ ግማሹን ወሰደብን፤ አባቴም ከሰሰ። ቀጠሮው ሳይደርስ አባቴን እግሩን ያዘው። ወንድም የለኝም፤ ነገረ ፈጅ የምናቆምበት አቅም የለንም። ከፋሲካ በኋላ ዳንግላ ዳኛ ፊት ቆሜ የምከራከረው እኔው ሆንኩ። በእኛ አገር ደግሞ ችሎት ላይ የተንተባተበ ሰው፣ እውነት ቢኖረው ምን ያደናቅፈው ነበር ይባላል።

እኔ የፈረሱን ልጓም ይዤ ስፈዝ፣ አጠገቤ ቅቤ የምትሸጥ ሴት ሁሉንም አይታ ኖሮ ጠራችኝ። ልትስቅብኝ ነው ብዬ ቀረብኩ።

"እንዳልፈለግኸው አይቻለሁ" አለችኝ። "ግን ይጠቅምሃል። ነገ ይዘኸው ቤቴ ና።"

ፈረስ ይዤ አባቴ ፊት ከምቀርብ ብዬ ዳንግላ አክስቴ ቤት አደርኩ። ማደሩ ሁለት ወር ሆነ። አባቴ በሬውስ ብሎ ሲልክብኝ፣ እየገራሁት ነው ብዬ እልክ ነበር።

አሁን የተያዘ አፍ መፍታትን ተምረው የሚሠሩት ሐኪሞች አሉ ይላሉ። ያቺ ሴት ፊደል አልቆጠረችም፤ የተማረችው ከልጇ ነው። ሴት ልጇ እስከ አራት ዓመቷ ቃል አልወጣትም፤ ቃሉ ሲመጣላትም እንደ እኔ ተብታባ ሆነች። እናትየው ልጇን ፀበል አመላለሰች፤ ፀበሉን ሳትተው ደግሞ ጆሮዋን ሰጠቻት። አንድ ቀን ልጅቷ ከፈረሳቸው ጎን እየሄደች በአገውኛ ስታወራው፣ ቃሉ እንደ ውሃ ሲወርድላት ሰማች። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ከፈረሱ ጎን ይዛት ትሄዳለች፤ በአንድ ኮቴ አንድ ቃል። የእነሱ ፈረስ በዚያ በጋ ሞቶባቸው ነበርና፣ ለካ የእኔን ጅልነት ስታይ እሷም ፈረስ ቸግሯት ኖሯል።

እኔ በቀኝ፣ አሥር ዓመት የሆናት ልጅ በግራ፣ ሽማግሌው ፈረስ መሐል። እናትየው ጥጧን እየፈተለች ከኋላ ትከተለናለች። እኔ ስያዝ እንዝርቷ ይቆማል፤ ዓይኗ ግን ከእኔ አይሸሽም።

"ቃሉን አትግፋው" ትለኝ ነበር። "የተኛ በሬ ገፍተኸው ይነሳል? እስኪነሳ ተንፍሰህ ቁም።"

ልጅቷ ታዲያ ቃሌ እስኪነሳ ስቆም፣ ፈረሱ ርቆ መሄዱን ትነግረኛለች።

በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበር። የሌላውን ቃል ከአፉ ነጥቆ የጨረሰ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከምንጭ አንድ እንስራ ውሃ በጀርባው ያመጣል። ወንድ እንስራ አዝሎ ሲሄድ መንደሩ ወጥቶ ነው የሚያየው። ጉግስ ላይ የሚፈራው ባሏ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብሎ ሲያመጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

የችሎቱ ቀን ስሜ ተጠራ። ጉሮሮዬ ያው ተዘጋ፤ አንገቴ መነቅነቅ ጀመረ። ያን ጊዜ ውጪ የታሰረው ፈረስ ትዝ አለኝና ተነፈስኩ። ከዚያ በቆምኩበት እግሬን አነሳ እጥል ጀመር። ዳኛው ምን እንደምረግጥ ጠየቁኝ።

"ጌታዬ፣ ፈረሴ ውጪ ታስሯል። የእሱንም እርምጃ እኔ እየሄድኩለት ነው።"

ቀድመው የሳቁት ዳኛው ናቸው። ሰውም ሲስቅ ግን እጃቸውን አንስተው ጸጥ አሰኙና፣ "በል ሂድ፤ እንከተልሃለን" አሉኝ።

ሄድኩ። ከድንበሩ ድንጋይ ተነሥቼ፣ በኮቴ አንድ ቃል፣ እስከ ምንጩ ወሰድኳቸው። ዳኛው ሽማግሌ ልከው ድንጋዩን አስመረመሩ፤ ሰኔ ሳይገባ ማሳችን ተመለሰ። አባቴ ስለ በሬው እንደገና አልጠየቀኝም።

ከችሎት ስወጣ አፌ እንደ ተፈታ ጥጃ ነበር። ልጅቷ ፈረሱን ይዛ፣ እናቷ አጠገቧ ቆማ ይጠብቁኛል። ልጅቷ "እማዬ እኮ..." ብላ ተያዘች። እኔ ጉደኛው "ስታለቅስ ነበር ልትዪ ነው" ብዬ ጨረስኩላትና ወሬዬን ቀጠልኩ።

"እንስራው በሩ ጀርባ ነው" አለችኝ እናትየው።

ነገ አመጣለሁ ብዬ ሳቅኩ። በነጋታው ወደ አባቴ ሄድኩ። ፈረሱን ለእነሱ ተውኩላቸው፤ እስከ ጥሊሊ ካለው አገር እየመጣ ስንቱ ተብታባ ከጎኑ ሄዶ አፉን ፈታ።

እናትየው ካረፈች ቆየች። ልጅቷ ዛሬ እንጅባራ የልጅ ልጆች አሏት፤ ከእኔ ይልቅ ጥርት አድርጋ ትናገራለች። በየዓመቱ ስጠይቃት ዕዳዬን ታስታውሰኛለች። ቧንቧ አላችሁ ብላት አልሰማችም፤ በባጃጅ ጀሪካን ልላክ ብላት፣ "ሕጉ በጀርባ ነው፣ ጋሼ" አለችኝ። ያን ቀን ልትለኝ የነበረውንም ውሃው ሳይመጣ አልናገርም ብላለች። እናቷ ስታለቅስ እንዳልነበረ ብቻ ነግራኛለች።

አምና አንድ እንስራ ገዛሁ። በሩ ጀርባ አስቀምጬዋለሁ፤ ጀርባዬን እየለመንኩ ነው።